የንጉሥ አሞናስሮ ልጅ፦ ኦፔራን ከ«አይዳ» ጀምሮ ስለ መስማት

 

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ኦፔራ ለአብዛኞቻችን በሬዲዮ ድንገት ሲመጣ ጣቢያ የሚያስቀይር ጩኸት ነው። ይህ አያስወቅስም። ቋንቋው አይገባን፣ ታሪኩን ማንም አልነገረን፣ የድምፁ አወጣጥም ከለመድነው የራቀ ነው። ነገር ግን በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ ዛሬም ድረስ ከማይጠፉት ኦፔራዎች አንዱ የአገራችንን ስም ተሸክሞ ይዞራል። የጣሊያናዊው የጁዜፔ ቬርዲ «አይዳ» ማለቴ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች። አባቷ አሞናስሮ ሊያስለቅቃት ጦር አስከትቶ ዘምቷል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ኦፔራ በጥቅሉ አላወራም። አንዷን አይዳን ይዤ እንዴት እንደምትሰማ፣ በተለይም እኛ እንዴት ብንሰማት እንደሚሻል ልናገር። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ አይዳን በድል ሰልፏና በመለከቷ የጀመረ ሰው ሳያገኛት ይቀራል። በሯ ሦስተኛው ገቢር ነው፤ አባትና ልጅ በሌሊት፣ ዓባይ ዳር የሚነጋገሩበት።

መጀመሪያ ግን ሥራው እንዴት እንደተወለደ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1869 የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል የስዊዝን ቦይና የካይሮን ኦፔራ ቤት በአንድ ወር ውስጥ አስመረቀ። ኦፔራ ቤቱ ኖቬምበር 1 ቀን ሲከፈት የታየው የዚሁ የቬርዲ «ሪጎሌቶ» ነበር። እስማኤል አገሩን ከአውሮፓ ተርታ ሊያሰልፍ የቆረጠ ሰው ስለነበር፣ በግብፅ ታሪክ ላይ የቆመና ለእሱ መድረክ የተጻፈ አዲስ ኦፔራ ፈለገ። ቬርዲ አንዴም ሁለቴም እምቢ አለ። በ1870 ግን ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማርዬት የነደፈው ታሪክ እጁ ሲገባ ወደደው፤ ዋጋውንም 150,000 ፍራንክ ብሎ ቆረጠ። ግጥሙን በጣሊያንኛ የጻፈው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። በዚህ መሃል ፕሩሲያና ፈረንሳይ ተዋጉ፣ ፓሪስም ተከበበች፤ እዚያ የተሠሩት አልባሳትና የመድረክ ሥዕሎች መውጫ አጡ። አይዳ በዚህ ምክንያት ዘግይታ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየች። ቬርዲ ራሱ ካይሮ አልሄደም፤ ልቡ ያለው በፌብሩዋሪ 1872 ሚላኖ ላ ስካላ ላይ በሚቀርበው ዝግጅት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ የውጭ አገር የኦፔራ መጻሕፍት አልፈውት የሚሄዱት ነው። በመድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል አድርጋ ምርኮኛ ስትነዳ ከታየ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ያው እስማኤል እውነተኛ ጦር አዘመተብን። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ በዴንማርካዊው ኮሎኔል አረንድሩፕ የሚመራው የግብፅ ጦር በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ አዛዡም እዚያው ወደቀ። በዚያው ዓመት የካቲት ማለቂያ ላይ ደግሞ ጉራዕ ላይ ሁለተኛውና ትልቁ ዘመቻ ከሸፈ። አዛዡ ራቲብ ፓሻ ነበሩ፤ አሜሪካዊው ጄኔራል ሎሪንግ አብሯቸው ነበር፤ የከዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰንም አልቀረም። የካይሮው መድረክ በዜማ ያሸነፈበትን ጦርነት የካይሮው ጦር በሜዳ ተሸነፈበት። እኔ አይዳን ስሰማ ይህ ከጆሮዬ አይጠፋም፤ ከእናንተም እንዳይጠፋ ነው አስቀድሜ የነገርኳችሁ።

ሌላም ነገር አለ፣ ወደ እኛ ወደ ወሎ የሚጠጋ። አይዳ ከመታየቷ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1868፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ በሰፊው ተጽፏል፣ ተሥሏልም። ስለዚህ የሚላኖ ተመልካች በ1872 «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ሲባል ሲሰማ ቃሉ ከተረት የመጣ አልመሰለውም፤ ትናንት በጋዜጣ ያነበበው ነው።

የማርዬት ኢትዮጵያ ግን መቅደላም ጎንደርም አይደለችም። ኦፔራው ውስጥ ስሟ የሚነሳው ቦታ ናፓታ ነው፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለችው የጥንቶቹ የኩሽ ነገሥታት ከተማ። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበርና ማርዬትም ከእነሱ ወሰደው። በሙዚቃውም የአምባሰልን ወይም የባቲን ቅኝት አትፈልጉ፤ የሉም። ቬርዲ የኢትዮጵያን ዜማ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም። «የምሥራቅ» የሚመስል ቀለም ከራሱ ፈጠረ፤ ሃርፕና ፍሉት፣ እየተጥመለመለ የሚወርድ የሴት ካህናት ዜማ። ይህን አውቆ መስማት ከቅሬታ ያድናል።

ቅሬታ ስል አንዳንድ ወገኖቻችን «የተሸነፍንበትን ቴአትር ምን ብዬ ላድንቅ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያለው ሙዚቃው ውስጥ ነው። ቬርዲ ለግብፅ የሰጣት ትልቁን ድምፅ ነው፣ ለአይዳ የሰጣት ግን ጥልቁን ነው። ደግሞም የአሸናፊዎቹን ካህናት አይወዳቸውም። ኦፔራውን ሲጽፍ የፕሩሲያው ንጉሥ ቪልሄልም ፈረንሳይን ድል አድርጎ «ፈጣሪ አሸነፈልን» የሚል ቴሌግራም ይልክ ነበር። ቬርዲ ይህን ጠቅሶ፣ የካህናቱ የድል መዝሙር በዚያ መንፈስ ይጻፍ ብሎ ለጊስላንዞኒ ደብዳቤ ላከለት። እንግዲህ በሁለተኛው ገቢር ካህናቱ ደረታቸውን ነፍተው ሲዘምሩ ስትሰሙ፣ ደራሲው ከጀርባቸው ቆሞ እየታዘባቸው መሆኑን አትርሱ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። አስቀድሜ መጨረሻውን ብነግራችሁ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። መንዙማ የሚሰማ ሰው አውጪው ምን ሊል እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል፣ ተቀባዩም በልቡ ይዞታል፤ ሆኖም ዘንድሮም ያንኑ ሊሰማ ይመጣል፣ ያለቅስበታልም። ኦፔራም እንዲሁ ነው። «ምን ይሆን ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠቀምም። «ይህን የምናውቀውን ነገር በምን ድምፅ ይሉት ይሆን?» ብሎ የሄደ ግን አንዲት ደቂቃ አታልፈውም።

ግብፃዊው የጦር መኮንን ራዳሜስ አይዳን ይወዳታል። የፈርዖን ልጅ አምኔሪስ ደግሞ ራዳሜስን ትወዳለች፤ አይዳ ለእሷው ባሪያዋ ናት። ኢትዮጵያውያን ድንበር ጥሰው ገቡ የሚል ወሬ ሲመጣ ራዳሜስ የጦር አዛዥ ሆኖ ይሾማል። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ «አሸንፈህ ተመለስ» እያለ ሲሸኘው አይዳም አብራ ትላለች። ብቻዋን ስትቀር ግን ምን እንዳለች ይገባታል፤ በማን ላይ እንዲያሸንፍ ነው የመረቀችው? በአባቷ ላይ። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ይህች ልጅ አንዱን ሳትከዳ ሌላውን መውደድ አትችልም፤ የተቀረው ኦፔራ በሙሉ የዚህ ውጤት ነው።

በሁለተኛው ገቢር አምኔሪስ «ራዳሜስ ሞተ» ብላ አይዳን ታታልላታለች፤ ወዲያው መልሳ «የለም፣ ደኅና ነው» ትላታለች። አይዳ በሁለቱ ቃል መካከል የተሸሸገውን ፍቅሯን ታወጣለች። ከዚያ ሰልፉ ይመጣል፣ ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው። ቬርዲ ለዚህ ሰልፍ ብሎ ረጃጅም ቀጥ ያሉ ትራምፔቶች አሠራ፤ ሦስቱ አንድ ቃና፣ ሦስቱ ሌላ ቃና የሚሰጡ። መጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዜማውን ይነፋሉ፤ ቀጥለው ሌሎቹ ያንኑ ዜማ ከፍ ባለ ቃና ይነሡታል፤ አዳራሹ በድንገት የሰፋ ይመስላል። ውብ ነው፣ አልክድም። ከምርኮኞቹ መካከል አሞናስሮ አለ፤ ማንነቱን ደብቆ እንደ ተራ መኮንን ቆሟል፤ ንጉሡ በጦርነቱ ሞቷል ይላል። ራዳሜስ ምርኮኞቹ እንዲለቀቁ ይለምናል፤ ካህናቱ ይቃወማሉ። በመጨረሻ አይዳና አባቷ መያዣ ሆነው ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይለቀቃሉ። የግብፁ ንጉሥ ልጁን አምኔሪስን ለራዳሜስ ይድርለታል።

አሁን ሦስተኛው ገቢር። ሌሊት ነው። ቫዮሊኖቹ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ያንኑ አንዱን፣ ከላይም ከታችም እየደጋገሙ በስሱ ይመታሉ። ዜማ የለም፤ መንቀጥቀጥ ብቻ። ከዚያ ላይ ፍሉት ትነሳለች። እዚህ ላይ ቬርዲ ወንዝን በሥዕል ሳይሆን በድምፅ እንዴት እንዳመጣው አስተውሉ፤ ውሃው የቆመ ይመስላል፣ ግን አያርፍም። አይዳ ራዳሜስን ልትጠብቅ ትመጣለች፤ አገሯን ዳግመኛ እንደማታይ ትዘምራለች። ይህ ዘፈን ለዘፋኟ ከባድ ነው፤ ወደ መጨረሻው ድምፅዋ እጅግ ከፍ ይልና እዚያ ላይ ሳትጮህ፣ በስሱ እንድትይዘው ይጠበቅባታል። የዘፋኟን ችሎታ ልትለኩ ብትፈልጉ እዚህ ለኩ።

የመጣው ግን አባቷ ነው። አሞናስሮ በመጀመሪያ በማባበል ይጀምራል፤ የአገሯን ደን፣ ሸለቆ፣ ቤተ መቅደስ ይጠራላታል፤ ድምፁም ይለሰልሳል። ቀጥሎ የጠየቃት ግን ሌላ ነው፦ የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከራዳሜስ አውጣጪ። እምቢ ትላለች። ይኸኔ የአባትየው ድምፅ ይገለበጣል። ኦርኬስትራው ይናወጣል፤ አባት የተቃጠሉ ከተሞችን ይቆጥራል፤ የሞተች እናቷን ጥላ ይጠራባታል፤ በመጨረሻም ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይገፋታል። ዘመዶቼ፣ ለኛ አገር ሰው ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። የአባት እርግማን ምን እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ፈረንጅ ተመልካች ለመረዳት የሚጥረውን ነገር እኛ በደማችን እናውቀዋለን፤ ለዚህ ነው ከዚህ ጀምሩ ያልኳችሁ።

ከእርግማኑ በኋላ የሚሆነውን በጥንቃቄ ስሙ። አይዳ አትጮህም። ድምፅዋ በአንድ ቦታ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጀምራል፣ ከበታቿም ኦርኬስትራው እየተሰበረ የሚቃትት ነገር ይዞ ይሄዳል። እሺ ትላለች፤ ለአገሯ የምትከፍለው ዋጋ ስንት እንደሆነ እያወቀች። አሞናስሮ ልጁን አሸነፈ፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን እንደ ድል አድራጊ ልትሰሙት አትችሉም።

ቀጥሎ ራዳሜስ ይመጣል፤ አይዳ «አብረን እንጥፋ» ትለዋለች፣ ጦሩ የማይገኝበትን መንገድ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ጦሩ ነገ የሚያልፍበትን የናፓታን ሸለቆ ይነግራታል። አሞናስሮ ከተደበቀበት ይወጣል፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ እኔ ነኝ ይላል። ራዳሜስ ሳያስበው አገሩን ከዳ። አባትና ልጅ ያመልጣሉ፤ እሱ ግን ሰይፉን ለሊቀ ካህናቱ አስረክቦ ይቀራል።

አራተኛው ገቢር የአምኔሪስ ነው፤ በኔ ግምት ከሁሉም የተሟላች ሰው እሷ ናት። ካህናቱ ራዳሜስን ከመሬት በታች ባለ ችሎት ይዳኙታል። እኛ ችሎቱን አናይም። ሦስት ጊዜ ክሱ ሲነበብ፣ ሦስት ጊዜም ተከሳሹ ዝም ሲል ከታች እንሰማለን፤ መድረኩ ላይ ያለችው ግን አምኔሪስ ብቻ ናት። ፍርዱን የምናየው ፊቷ ላይ ነው። ቅናቷ ያመጣውን ፍርድ ማስቆም አልቻለችም፤ ካህናቱን ትረግማለች። ራዳሜስ በሕይወቱ እንዲቀበር ይፈረድበታል። በመጨረሻው ትዕይንት መድረኩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከላይ ቤተ መቅደሱ በብርሃን፣ ከታች መቃብሩ በጨለማ። ራዳሜስ ብቻውን ያለ ሲመስለው አይዳ ቀድማ ገብታ እየጠበቀችው ነው።

ድምፆቹን ለመለየት ብዙ አትጨነቁ። ሶፕራኖ ቀጭኗ የሴት ድምፅ ናት፣ አይዳ፤ ሜዞ ሶፕራኖ ትንሽ የወፈረችው፣ አምኔሪስ። ቴነር ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ፣ ራዳሜስ፤ ባሪቶን መካከለኛው፣ አሞናስሮ፤ ባስ ጥልቁ፣ ሊቀ ካህናቱና የግብፅ ንጉሥ። ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ የተለያየ ነገር ሲዘምር ቃሉን ሁሉ ለመያዝ አትሞክሩ። ያኔ የሚሰማው ማን ማንን እንደሚጫነው ነው።

ኦርኬስትራውን ግን አትልቀቁት። ዘፋኙ ሊዋሽ ይችላል፣ ኦርኬስትራው አይዋሽም። ገና ኦፔራው ሲከፈት ቫዮሊኖች በስሱ የሚያነሷት አንዲት ዜማ አለች፣ የአይዳ ናት፤ አይዳ መጀመሪያ ስትገባ በክላሪኔት ትመጣለች፤ የአምኔሪስ ቅናት ደግሞ በገመዶቹ ውስጥ የሚቅበዘበዝ ሌላ ዜማ አለው። አምኔሪስ «እህቴ» እያለች አይዳን ስታባብላት ከሥሯ የሚንቀሳቀሰውን ስሙ። ስለ ቴነሩም አንድ ነገር፦ ራዳሜስ ገና እንደገባ፣ ድምፁ ሳይሟሟቅ፣ ስለ አይዳ ይዘምራል። ቬርዲ የዘፈኑ የመጨረሻ ከፍተኛ ድምፅ እየሳሳ እንዲጠፋ ብሎ ነው የጻፈው፤ ብዙ ታዋቂ ቴነሮች ግን ጭብጨባ ፍለጋ በሙሉ ኃይላቸው ይለቁታል። ቬርዲን የታዘዘውን ስታገኙ ያኔ አጨብጭቡ።

ከአይዳ በኋላ ወዴት ለምትሉኝ፣ የቬርዲን «ላ ትራቪያታ» ሞክሩ፤ እዚያም አባት ገብቶ ፍቅር ያፈርሳል። ከዚያ የቢዜን «ካርመን»። ቢዜ እ.ኤ.አ. በ1875 ኦፔራው ከታየ ሦስት ወር በኋላ ሞተ፤ ሥራው ምን ያህል እንደሚወደድ ሳያይ።

በኛም አገር ነገሩ ባዶ አይደለም። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተውኔት ሲከፈት ኦርኬስትራ ነበረው፤ ይመራ የነበረውም ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልዌከር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ሃርቫርድ ውስጥ በቅዱስ ያሬድ ላይ ከተመሠረተ ኦፔራው ከፊሉን አሰምቷል። እንግዲህ ጥያቄው በኛ ቅኝት ሙሉ ኦፔራ ቢጻፍ ምን ይመስላል ነው። የቬርዲ ሙዚቃ ስሜት ሲለወጥ በአሥራ ሁለቱ ድምፆች መካከል እየተንሸራተተ ቃና ይቀይራል። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ሲቀየር ወደ ባቲ ወይም ወደ ትዝታ ይዞራል እንጂ አይንሸራተትም። የአማርኛ ቃልም ከመጥበቅና ከመላላት ጋር ነው ትርጉሙ፤ ዜማው ያንን ካላከበረ አድማጩ ሌላ ነገር ይሰማል። እነዚህ ችግሮች ናቸው፣ ግን የሙዚቃ ደራሲን የሚያስጎመጁ ችግሮች ናቸው። ታሪክ ለሚፈልግ መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት፤ ንጉሥ፣ ምሽግ፣ ምርኮኛ፣ ንግሥት፣ ሕፃን ልጅ፣ ሁሉም ተሟልቶላታል። እዚህ የተቀመጣችሁ የማሲንቆ ልጆች፣ ከሌላ ሰው አትጠብቁ።

አይዳ ሙሉዋ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ትፈጃለች። በስልክ ኢንተርኔት ይህን ሁሉ መጎተት ዋጋው ይከብዳል፤ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ወደ ደሴ ስትወርዱ ሦስተኛውን ገቢር ብቻ አውርዱ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለውን ምረጡ፤ ተማሪዎች ለአባቶችና ለእናቶች እያነበባችሁ ተርጉሙላቸው። ድምፁ በስልኩ አፍ ይጠፋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በስፒከር ይሁን።

አሁን ያንኑ ገቢር ከመጀመሪያው እስከ አሞናስሮ እርግማን ድረስ እናሰማችኋለን። ቋንቋውን ተዉት። አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ አባትየው ከማባበል ወደ ቁጣ የዞረው የቱ ላይ ነው? ማን ቀደመ፣ እሱ ወይስ ኦርኬስትራው? ሲያልቅ እጅ እያወጣችሁ ትነግሩኛላችሁ፤ ካልተስማማን ደግመን እንከፍተዋለን። ስፒከሩን አብሩልን።